አሥር ክረምት የሚቆይ ከንቲባ፦ በጎጃም ትንንሽ ከተሞች ከፋይል እስከ ቦይ

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲያገለግል ደንግጓል። ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው የከተማ ምክር ቤት ዘመን ደግሞ 5 ዓመት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የትንሽ ከተማ ችግር ከየት እንደሚጀምር ይገባዋል፤ ፕላኑን ያስጠናው ከንቲባ ፕላኑ ሲያልቅ ወንበሩ ላይ የለም። 5 ዓመቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይሞላም። አንዱ በግምገማ ይነሣል፣ ሌላው ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ይዛወራል፣ ተተኪው ከተማዋን እስኪያውቃት ድረስ አንድ ክረምት ያልፋል። በጎጃም ከተሞች ስለ ከንቲባ ሲወራ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ አገር ሥራን የሚፈትነው ክረምት ነውና።

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የሚደርሰው አውራ ጎዳና በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ መንገዱን ተከትለው በርዝመት ያደጉ ናቸው። ለሱቅና ለምግብ ቤት ይህ ይመቻል። ለማዘጋጃ ቤት ግን የውሃ መስመሩ ይረዝማል፣ የመብራቱ ይረዝማል፣ ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ሠፈር መውጫ ያጣል። አፈሩ ደግሞ በብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚህ አፈርና ከዚህ ዝናብ ጋር የማይስማማ ሥራ ሁለተኛ ዓመቱን አያይም።

ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከንቲባ መጀመሪያ የሚገባበት ክፍል የፋይል ክፍሉ ነው። በ1937 ዓ.ም. ከወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ጀምሮ የተከማቸ ወረቀት እዚያ አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የራሱን ንብርብር ጨመረበት። ከአዋጅ ቁጥር 80/1986 ወዲህ የሊዝ ውል መጣ። ስለዚህ በአንድ መደርደሪያ ላይ የነባር ይዞታ፣ የቀበሌ ቤት፣ የሊዝ ቦታና ሰነድ አልባ ይዞታ ተቀላቅለው ይገኛሉ። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርታ የሚወጣው እዚህ ነው። የወሰን ክርክር ፍርድ ቤት ሄዶ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸነፈውም ፋይሉ ውስጥ የወሰን መጋጠሚያ ነጥብ ስለማይገኝ ነው።

ማስተካከያው አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም። ከተማው በሠፈርና በብሎክ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይሉም በባለቤቱ ስም ሳይሆን በዚያ ቁጥር ይደረደራል፤ ስም በሽያጭና በውርስ ይለወጣል፣ ቦታው ግን አይንቀሳቀስም። በየፋይሉ ይዞታው የተገኘበት ሰነድ፣ የአራቱ ማዕዘን መጋጠሚያ ነጥቦች፣ የሊዝ ውሉ ወይም የቦታ ኪራይ ደረሰኙ፣ የግንባታ ፈቃዱና ዕዳ ወይም እገዳ ካለ ማስረጃው መኖር አለበት። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ልኬቱ በቀን 15 ቦታ ቢሄድ፣ 6,000 ቦታ ያላት ከተማ 400 የሥራ ቀን ትፈልጋለች። በክረምት ጭቃና ደመና ቀያሹን ስለሚያስቀሩት በተግባር ሁለት ዓመት ነው። አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ የሚሄድ ከንቲባ ይህን ሥራ የማይጀምረው ፍሬውን ስለማያይ ነው፤ ጅምሩን ያገኘ ተተኪም ብዙ ጊዜ ያቆመዋል፣ በግማሽ የተለካ ከተማ ደግሞ ካልተለካው ይልቅ ለክርክር ይጋብዛል።

ቅጂም ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ፋይልን በአንድ ክፍል ብቻ ማስቀመጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማንም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ያውቃል። ሰነዱ ተቃኝቶ ሁለት ቅጂ ይውጣለት፤ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ።

ስለ ፕላን ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ባሕር ዳርን ማየት ይበቃል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲመጡ ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያ ዘመን በጀርመን ባለሙያ የተነደፈላት ፕላን ሰፋፊ መንገዶችን አቆየላት፤ ዛሬ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች የዚያ ውጤት ናቸው። መንገዱ ሲታሰብ ያንን ስፋት የሚሞላ መኪና አልነበረም። በትንሽ ከተማ ፕላን ላይ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ አስፋልቱ በኋላ ይደርሳል፣ የመንገዱ ስፋት ግን ዛሬ በችካል ካልተያዘ ነገ በካሳ ነው የሚገኘው። የወንዝ ዳርም እንዲሁ። የቦይ መውረጃ ላይ ካርታ የሰጠ ማዘጋጃ ቤት ከዚያ ወዲያ ውሃውን የሚያወርድበት ቦታ አይኖረውም።

ወደ ቦዩ እንምጣ፤ የከንቲባ ዕውቀት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

10 ሄክታር ስፋት ያለው ሠፈር እንውሰድ። ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢወርድና ግማሹ ሳይሰርግ ቢፈስ፣ ታች የሚደርሰው ውሃ በሰከንድ 830 ሊትር ገደማ ነው። በየከተማው የተለመደው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግንብ ቦይ በ1 በመቶ ተዳፋት የሚያሳልፈው 490 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ሰው ቤት ይገባል። ቦዩ 80 በ80 ቢሆን ከ1,000 ሊትር በላይ ያሳልፍ ነበር። ልዩነቱ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ስሌት ግን ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ካልተሠራ ለሁሉም ሠፈር አንድ ዓይነት ንድፍ ይገለበጣል። ጣሪያና ኮብልስቶን በበዛ ቁጥርም የሚሰርገው ውሃ ስለሚቀንስ፣ ስሌቱ መሠራት ያለበት ዛሬ ላለው ሠፈር ሳይሆን ፕላኑ ላይ ለተሳለው ነው።

ቦይ ከታች ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ወንዙ ወይም ሸለቆው ጋ ያለው መውረጃ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። በብዙ ከተማ ግን ከላይ ይጀመራል፤ ላይኛው ሠፈር ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ያየዋል። በጀቱ መሃል ላይ ሲያልቅ ውሃው ተሰብስቦ በአንድ ሰው ግቢ ላይ ይለቀቃል። መውረጃው ላይም ውሃው ከከፍታ እየወደቀ አፈሩን ስለሚቦረቡር ደረጃ ደረጃ ያለው ግንብና ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ቦረቦሩ ወደ ላይ እየበላ መጥቶ ራሱን ቦዩን ይጥለዋል። ተዳፋቱ ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ደለሉ ይቀመጣል። ክዳኑም ቀላል ነገር አይደለም፦ 100 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ኮንክሪት ክዳን 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እጀታ ከሌለው ማንም አያነሣውም፤ ያልተነሣ ክዳን ሥር ያለ ቦይ አይጠረግም። ጠረጋው አንድ ጊዜ በግንቦት፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ አጋማሽ መሆን አለበት። በሐምሌ የሚጠረገው በሰኔ ጎርፍ የመጣው ደለልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፣ የነሐሴው ጎርፍም መንገድ ላይ የሚወጣው በዚሁ ሰበብ ነው።

ኮብልስቶን ከቦዩ በኋላ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የውሃ መስመር፣ የስልክና የመብራት ማቋረጫ ቱቦ፣ ቦይ፣ የጠርዝ ድንጋይ፣ በመጨረሻ ንጣፍ። የውሃ አገልግሎቱ ሳይጠየቅ የተነጠፈ መንገድ በዓመቱ ይቆፈራል፣ የተቆፈረውም እንደ ነበረ አይመለስም። ንጣፍ ከመጀመሩ በፊት በየተወሰነ ርቀት ባዶ ቱቦ በመንገዱ ሥር አቋርጦ ቢቀበር፣ በኋላ የሚመጣ የቤት ውሃ መስመር በዚያ ያልፋል። ወጪው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሥር ያለው ሥራ ከላይ ካለው ይበልጣል። ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በገረጋንቲ ይተካል፣ ውሃ እየጠጣ በሮለር ይደቀደቃል። በላዩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የመሠረት ጠጠር፣ ከዚያ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይደረጋል። አሸዋው ሲወፍር ሥራው ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ጎበጥ ያለውን መሬት ይሸፍናል፤ ግን መኪና ሲያልፍበት ይሸሻል፣ የጎማ መስመር ይሠራል። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በመካከል ያለው ክፍተት ታስቦ፣ በካሬ ሜትር 83 ያህል ይገባል። ተቆጣጣሪ ድንጋዩን መገልበጥ አለበት፤ ፊቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ታቹ የሾለ ድንጋይ ለጠራቢው ይቀለዋል፣ መንገዱ ላይ ግን ይገለበጣል። የጠርዝ ድንጋዩ በኮንክሪት ካልተያዘ ንጣፉ ወደ ጎን ይለቃል። 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ3 በመቶ ወደ ሁለቱም ጎን እንዲያዘነብል መሃሉ ከዳሩ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። ይህ በክርና በውሃ ልክ የሚለካ ነገር ነው፣ በዓይን አይታይም። ነዋሪው ከኪሱ ሲያዋጣ ደግሞ ልኬቱን የሚያየው ሰው ይበዛል፤ ከሠፈሩ ሁለት ሰው ተመርጦ የየቀኑን ሥራ ቢፈርም ይጠቅማል። መንገዱ ካለቀ በኋላ የሚያበላሸው አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ነው፤ በሠፈር መግቢያ ላይ የብረት ማገጃ መትከል ያስፈልጋል።

ውሃ ላይ ሕዝቡ ከንቲባውን በየቀኑ ይመዝነዋል፤ ብዙ ጊዜ የውሃ ቦርዱን የሚመራው እሱ ነውና ትክክል ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርት ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ያለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ማቅረብ ነበረበት። 40,000 ሕዝብ ቢኖር በቀን 2,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በሰከንድ 15 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 18 ሰዓት ቢሠራ 970 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። ሁለት ጉድጓድ ይበቃል የሚል ስሌት የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ግን መስመር ላይ የሚፈሰውን ይረሳል። ብክነቱ 35 በመቶ ከሆነ መመረት ያለበት 3,080 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ አራት ጉድጓድ ይፈልጋል። ብክነቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 2,500 ይበቃል፣ ሦስት ጉድጓድ ነው። አንድ ጉድጓድ ከነፓምፑ፣ ከነትራንስፎርመሩና ከነመስመሩ የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚያውቅ ከንቲባ መጀመሪያ የሚያሠማራው ቆፋሪ ሳይሆን የሚፈሰውን የሚፈልግ ቡድን ነው።

የሚፈሰው የሚገኘው በሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቷል፤ በዚያ ሰዓት ከማጠራቀሚያው መውጫ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው ውሃ ባብዛኛው ብክነት ነው። ቫልቭ በየተራ እየዘጉ ቆጣሪው የሚቀንስበትን ሠፈር መለየት ይቻላል። የመውጫ ቆጣሪ የሌለው ማጠራቀሚያ ያላት ከተማ ግን ምን ያህል እንደምታጣ አታውቅም። 18 ሰዓት የሚለው ስሌትም መብራት ካለ ነው። መብራት ሲዋዥቅ ወይም አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ፓምፑ ይቃጠላል፤ መከላከያ መሣሪያው ከፓምፑ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ተለዋጭ ፓምፕ መጋዘን ውስጥ ይኑር፤ ግን የጉድጓዱን ጥልቀትና የሚገፋበትን ከፍታ ያላገናዘበ ተለዋጭ ፓምፕ ምንም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ነው። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይመጣል፤ ቦዩ፣ ጠረጋው፣ የመንገድ መብራቱና የቀያሹ ሥራ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ላይ ይወድቃል። ገቢውም የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የከብት ገበያ፣ መናኸሪያ፣ ቄራና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሊዝ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ግን አንዴ የተላለፈ ቦታ ነገ ተመልሶ ለጨረታ አይወጣም። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 አሠራር ተጫራቹ የሚመዘነው 80 በመቶ በሰጠው ዋጋ፣ 20 በመቶ ደግሞ በቅድሚያ ክፍያው ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ዋጋ አግንኖ ያሸነፈ፣ ከዚያ መክፈልም መሥራትም ያቃተው ሰው ቦታውን አጥሮ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የሊዝ ውሉን ግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን የሚከታተል አንድ ሠራተኛ ከሌለ ጨረታው የወረቀት ገቢ ነው። የየዓመቱን የሥራ ማስኬጃ በሊዝ ገንዘብ የሚሸፍን ከንቲባ ለተተኪው ባዶ ካዝና ይተዋል። የፋይሉ ሥራ እዚህም ይከፍላል፤ ተለክቶ የተመዘገበ ቦታ ኪራዩን ይከፍላል፣ ያልተመዘገበ አይከፍልም።

የዓለም ባንክ የሚደግፈው የከተሞች ፕሮግራም መጀመሪያ 19፣ ቀጥሎ 44፣ በዩአይአይዲፒ (የከተሞች ተቋማዊና የመሠረተ ልማት ግንባታ ፕሮግራም) ዘመን ደግሞ 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ገንዘቡ የሚሰጠው በየዓመቱ በሚደረግ የአፈጻጸም ምዘና ነበር፦ የሦስት ዓመት ተንከባላይ የካፒታል ዕቅድ፣ የንብረት ጥገና ዕቅድ፣ የገቢ ማሻሻያ ዕቅድ፣ ኦዲት። ከተማው የራሱን ድርሻም ያዋጣ ነበር። ከንቲባው በተቀያየረ ቁጥር ዕቅዱ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ያለፈው ዓመት ዕቅድና ሥራ አይገናኙም፣ ነጥቡም ይወርዳል። በእኔ እምነት የጥገና ዕቅዱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስንት ኪሎ ሜትር ተመረቀ ከሚለው ይልቅ ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቀው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው።

ከተማ ሲሰፋ አርሶ አደር ጋ ይደርሳል። ቡሬ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህን ጫና በደንብ ታውቀዋለች። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለዘለቄታው ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት የላቀውን የአንድ ዓመት ገቢ 15 እጥፍ ካሳ ያዝዛል፣ ክፍያውም ከመነሣቱ በፊት ነው። ስለዚህ መሬቱ ከመታሰቡ አስቀድሞ ገንዘቡ በባንክ መኖር አለበት። ግምት ተሠርቶ ክፍያው ሲዘገይ ዋጋው ይወጣል፣ ገበሬው ደግሞ ማሳው ላይ ምን እንደሚዘራ አያውቅም፤ ይህ በደል ነው፣ በቃል ማባበልም አይሽርም። ቆጠራው ላይ ሰብሉ ብቻ ሳይሆን ባሕር ዛፉ፣ በአዊ በኩል ደግሞ ዲከረንሱ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) በቁጥርና በዕድሜ መመዝገብ አለበት፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዛፉ ነው። ቆጠራው ገበሬው፣ ጎረቤቱና የቀበሌው ሽማግሌ ባሉበት ይሁን፣ ቅጂውም በዚያው ዕለት ለገበሬው ይሰጠው።

ደረቅ ቆሻሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ መጣያው ከወንዝና ከጉድጓድ መራቅ፣ የነፋሱም አቅጣጫ ወደ ከተማው እንዳይሆን መታየት አለበት። የቀረው የማኅበራቱ ጋሪና የክፍያ ጉዳይ ነው።

በትንሽ ከተማ መሐንዲስና ቀያሽ አይቆይም፤ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል። ከንቲባውና ሥራ አስኪያጁ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ሁለት ሰው ካላሠለጠኑ፣ አንዱ ሲሄድ የቦዩ ስሌትም የቫልቮቹ ቦታም አብሮት ይሄዳል። የተቀበሩ ቱቦዎችና ቫልቮች ካርታ በሠራተኛ ጭንቅላት ሳይሆን በግድግዳ ላይ መሆን አለበት።

የመልቀቂያው ቀን ሲመጣ ደግሞ ርክክብ አለ። በብዙ ቦታ ርክክብ ማለት ማኅተም፣ መኪናና የቢሮ ዕቃ ነው። መኖር የሚገባው ግን የዕዳና የተሰብሳቢ ዝርዝር፣ የተጀመሩ ፕሮጀክቶች ከነደረሱበት ደረጃ፣ በፍርድ ቤት ያሉ የይዞታ ክርክሮች ከነቀጠሯቸው፣ ካሳቸው ተገምቶ ያልተከፈሉ ገበሬዎች ስምና መጠን፣ የጉድጓዶቹ የምርት መዝገብና የፋይሉ ቅጂ ያለበት ቦታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኮንትራክተር ጋር በጊዜያዊ ርክክብ ላይ ያሉ ሥራዎች ዝርዝር። ኮንትራክተሩ ለሠራው ቦይ ወይም መንገድ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል፣ ከክፍያውም 5 በመቶ ያህል በመያዣነት ይቆያል። አዲሱ ከንቲባ የዋስትናው ማብቂያ ቀን ካልተነገረው፣ ክረምቱ የሰነጠቀው ግንብ ሳይታይ መያዣው ይለቀቃል፣ ጥገናው በከተማው ላይ ይወድቃል። ያ ቀን ለእያንዳንዱ ሥራ በርክክብ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ መሐንዲሱም ከዚያ ቀን አንድ ወር በፊት ቦታው ላይ ተገኝቶ ጉድለቱን በጽሑፍ ለኮንትራክተሩ ያሳውቅ።